አይዞሽ ያላለችኝ ሴት

ነሐሴ 2009 ዓ.ም. መገባደጃ፣ አንድ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። በመስኮት ብመለከት ትልቁ አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ይገባል። ከኋላው አክስቴ፣ ቀጥሎ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ከሁሉም በኋላ የንስሐ አባታችን ጃንጥላቸውን እያጠፉ ተከተሉ። እዚህ አገር ያደገ ሰው በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ሰልፍ ካየ ነጋሪ አያስፈልገውም። ደብረ ብርሃን ያለችው አያቴ ሞተች ብዬ ጩኸቴን ለቀቅሁት። እናቴ ሮጣ አቀፈችኝ። «እማማ ደህና ናት፤ ኧረ ደህና ናት!» አለችና ራሷ ማልቀስ ጀመረች።

መርዶው የእኔው ነበር።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው እጢው... ሐኪሞቹ ትንሽ ጠንከር ያለ ሕክምና ይፈልጋል ብለዋል» አለ። አባ ጸሎት አደረሱ። አክስቴ ጉልበቴን ይዛ «አይዞሽ» አለችኝ። ሰብሳቢውም «አይዞሽ» አሉኝ። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ «አይዞሽ» አለ። ካንሰር የሚለው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝና ሰው አንድን ቃል ላለመጥራት ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ አያመልጠኝም።

እነሱ የሰሙት ከአራት ቀን በፊት ነው። የናሙናውን ውጤት ልንቀበል ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሄደን ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና ወንድሜን «ቤተሰብ ነህ?» አለው። ከዚያ እኔን «አንቺ እዚሁ ጠብቂን» ብሎ ሁለቱ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ወንድሜ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር፤ የሸሚዙ ኮሌታ ረጥቧል። ደረጃውን ስንወርድ «ቲቢው ጨርሶ አልጠፋም መሰለኝ» አለኝ። ስለ ገዛ ሰውነቴ ከቤተሰቡ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

«ካወቀች ተስፋ ትቆርጣለች» የሚለው ሥጋት ክፋት የለበትም። እኛ ክፉ ወሬን ለብቻችን አንሰማም። ሌሊቱ አልፎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረን። ትልቅ ጥበብ ነው፤ የተሠራው ግን ለሞተ ሰው ዘመድ ነው። ሐዘንተኛ ከሰማ በኋላ ከማልቀስ በቀር የሚጠበቅበት ነገር የለም። ታማሚ ግን በማግሥቱ ተነስቶ ደም መስጠት፣ ወረፋ መያዝ፣ ፎርም መፈረም፣ የትኛው መድኃኒት ምን እንደሚያደርገው ማወቅ አለበት። የእኔን የስምምነት ፎርም የፈረመልኝ ወንድሜ ነው፤ ሕፃን ልጅ ይመስል። ደግሞስ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል በር ላይ በትልልቅ ፊደል «ካንሰር» ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ ለሚችል ሰው ምሥጢሩ የሚቆየው እስከዚያች በር ድረስ ነው።

እኔስ በሩ ጋ እስክደርስ አልጠበቅሁም። የዚያኑ ቅዳሜ ማታ ወረቀቱን ከወንድሜ ጃኬት ኪስ አውጥቼ አነበብኩት። ሆጅኪን ሊምፎማ ይላል።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነበር። በግራ በኩል አንገቴ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ወጣች። አታምም። በሁለት ወር ውስጥ ሎሚ አከለች። ሌሊት ሌሊት ቀሚሴ እስኪጨመቅ ያልበኛል፤ ሰውነቴም ይቀንሳል። ተማሪዎቼ «ቲቸር ዳይት ጀመርሽ?» ይሉኛል። አንድ ክሊኒክ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ «የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ዋጥኩ። እጢዋ ግን አልሰማችም።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም፤ ደንቆሮ ሐኪም ብቻ የሚሠራውም አይደለም። በአገራችን አንገቱ ላይ ንፍፊት ይዞ ከሚመጣ ወጣት ብዙው በእርግጥም ቲቢ ነው፤ ሌሊት ማላቡ፣ ትኩሳቱ፣ መክሳቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ችግሩ በመርፌ የሚወሰደው ጥቂት ፈሳሽ ሆጅኪንን በቀላሉ ማሳየት አለመቻሉ ነው። በሽታውን ይዘው የሚገኙት ትልልቅ ሴሎች በእጢው ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ በጤነኞቹ መካከል ተበታትነው ነው የሚቀመጡት። እጢው ሙሉውን ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው ነገሩ የሚለየው። ቋንቋችንም ቢሆን አያግዝም። ነቀርሳ ስንል ካንሰር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ደግሞ ቲቢ ነው። በዚያ ላይ ጋዜጣው ሙስናን «የአገር ነቀርሳ» ይለዋል፤ ተቆርጦ ካልተጣለ የማይድን ነገር ሁሉ ነቀርሳ ይባላል። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ የዘይቤ ምሳሌ አድርጌ አስተምሬዋለሁ። ቃሉ በእኔ ላይ ሲወድቅ ነው ምን ስል እንደኖርኩ የገባኝ።

እውነቱ ግን ዘይቤውን አይመስልም። ቶማስ ሆጅኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1832 ገልጾ ሲጽፍ ሕክምና አልነበረውም። ዛሬ መድኃኒቱ ሳይቆራረጥ በሚሰጥባቸው አገሮች ከአምስት ታማሚዎች ቢያንስ አራቱ ይድናሉ። በይበልጥ የሚይዘውም ከ15 እስከ 35 ባለው ዕድሜ ያሉትን ነው፤ ሌላው ጫፉ ከ55 በላይ ያሉት ናቸው። ይህን የነገረችኝ በኋላ የተመደበችልኝ ወጣት ሐኪም ናት። «የአንቺ ዓይነት ከሚድኑት ውስጥ ነው» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው። ይህን የመሰለ ወሬ ለምን ተደበቀብኝ? ካንሰር መሆኑ ሲደበቅ መዳኑም አብሮ ተደብቋል።

ሕክምናው የተጀመረው መስከረም 18 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግሥት ነው። በየ14 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ። በአራት መድኃኒቶች ነው፤ ዶክሶሩቢሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲን፣ ዳካርባዚን። ሚላን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀናጀው ይኸው ቅንብር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ክፍሉ ውስጥ ግን በእነዚህ ስሞች የሚጠራቸው የለም። ዶክሶሩቢሲን «ቀዩ» ነው። ዳካርባዚን ብርሃን ስለሚያበላሸው ከረጢቱ በጥቁር ፌስታል ተሸፍኖ ይሰቀላል፤ እሱ «ጥቁሩ» ነው።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት ከደሴ የመጣች ናት። ሠላሳ አራት ወይም ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሁለት ልጆች እናት፣ የጡት ካንሰር። ጸጉሯ አልቆ ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። የእሷ ሕክምና በየ21 ቀን ነው፤ ለእኔ የመጀመሪያዬ፣ ለእሷ ሁለተኛዋ። እሷም ቀዩን ትወስዳለች። ሲስተሯ ትልቁን ሲሪንጅ ይዛ ስትመጣ፣ ውስጡ ያለው ነገር የቪምቶ ቀለም ነው፤ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» ትላለች። ሲስተሯ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ትላለች። የደሴዋ ሴት ግን ወደ እኔ ዘንበል አለችና «ስሚ፣ የኔ እህት» አለችኝ። «ዛሬ ማታ ሽንትሽ ይቀላል። ደም እንዳይመስልሽ። ነገ ይጠራል። ክንድሽን ካቃጠለሽ ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትችይ፤ ያን ጊዜውኑ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ያበላሻል። መቻል እዚህ አያስፈልግም።»

አይዞሽ አላለችኝም። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ግን ያጽናናኝ ይህ ነው። ማታ ሽንት ቤት ገብቼ የእውነትም ቀይ ሆኖ ሳየው ሳቄ መጣ። እንዳለችው ሆነ። በማላውቀው አገር መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ ማለት ነው።

እሷ ያልነገረችኝ ነገር በማግሥቱ መጣ። ማስመለሱን ለመከላከል ከኬሞው በፊት ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ለማስመለስ ፍቱን ነው፣ እንቅልፍ ግን ይነሣል፣ ስሜትንም ይንጣል። ሦስት ሌሊት ዓይኔ ሳይከደን ነጋ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከቁም ሣጥን ልብስ አውጥቼ አጥፋለሁ፤ በአራተኛው ቀን ኃይሌ ሁሉ ሲሟጠጥ ደግሞ አልጋ ውስጥ ገብቼ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። አበድኩ ብዬ ነበር። ለሐኪሟ የነገርኳት ከሦስተኛው ዙር በኋላ ነው፤ ያውም አፍሬ። «የመድኃኒቱ ነው፤ ጠዋት ብቻ እንድትወስጂው አደርጋለሁ» አለችኝ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ታማሚ የሚሰማውን ሁሉ «ያው በሽታው ከባድ ነው» ብሎ መዋጥ ለምዷል። ግማሹ ግን የሚስተካከል ነገር ነው።

ጸጉሬ ጥቅምት ላይ መርገፍ ጀመረ። ትራስ ላይ፣ ማበጠሪያ ላይ፣ አንድ ቀን የተማሪዎች ደብተር ላይ። ወንድሜ ምላጭ አምጥቶ ላጨኝ። ለዚህ ነገር የትም አገር ያለ ታማሚ ይዘጋጃል፤ ኬሞ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ነው፤ የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ መቅኔ ከካንሰሩ ጋር አብረው ይመታሉ። እኛ አገር ግን የተላጨች ሴት ሌላ ትርጉም አላት። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ነጠላዬ ተንሸራተተ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ራሴን አዩና እጄን ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ ማን ሞተብሽ?»

«አባቴ» አልኳቸው። ዋሸሁ ማለት አይቻልም፤ አባቴ ሞቷል፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት።

«ወይኔ ልጄን! እግዚአብሔር ያጽናሽ። አልቅሺለት፤ አባት ነው፤ አልቅሺ» አሉኝ።

እኔም አለቀስኩ። ከለገሃር እስከ ፖስታ ቤት ድረስ ድምፅ አውጥቼ። ወያላው ሂሳብ አልተቀበለኝም። ሕክምና ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ነገሩን በኋላ ሳስበው ሐዘንተኛ ማልቀስ ይፈቀድለታል፤ እንዲያውም ካላለቀሰ ይታማል። ታማሚ ግን አይፈቀድለትም። ዓይኑ ውኃ ሲያቀር ገና አሥር ሰው «አይዞህ፣ ተው፣ እንዲህ አትሁን» ብሎ ይዘጋበታል። «ያጽናሽ» የሚባለው ሐዘኑን ተቀብሎ ነው። «አይዞሽ» ግን፣ ስንቱን ጊዜ ለእኔ ሳይሆን ለተናጋሪው ነበር። እኔ ስፈራ እነሱ ስለሚፈሩ ነው። ጠያቂ ተሰናብቶ ሲወጣ እናቴን ሳይሆን እኔን ነበር የሚደክመኝ፤ ሁሉንም ሳጽናና ስለምውል።

ስለ ጠያቂ ካነሣሁ፣ ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አምቦ ውኃ ክምር ነው። የሰው ፍቅር ነው፤ አልነቅፍም። ኬሞ በተወሰደ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ግን ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ስሞ ሲሰናበት ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ጠያቂን ከበር መመለስ ደግሞ በእኛ ዘንድ የማይታሰብ ነው። መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። ታናሽ ወንድሜን በረንዳ ላይ ማንቆርቆሪያና ሳሙና አስይዛ አቆመችው። የሚገባው ሁሉ፣ ማስታጠብ ክብር ነውና፣ ደስ ብሎት እጁን ይታጠባል። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። እጁን የታጠበ ሰው ምግብ ይጠብቃል። ያን በጋ ስንት ዳቦ እንደተደፋ ቤቱ ይቁጠረው።

ከሁሉ ይበልጥ የናፈቀኝ ግን ሰው ሳይሆን ቡና ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ የቡና ቁላት ሽታ ያስመልሰኝ ጀመር። ቀላል ይመስላል። ለእናቴ ግን ከሰዓት በኋላ የሚቆላው ቡና ከጎረቤቶቿ ጋር የምትተነፍስበት ነው፤ ስለ እኔ የምታለቅሰውም እዚያ ነው። ጀበናዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ተሰደደች። ሁለታችንም ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ቀረን፤ እኔ አልጋ ላይ፣ እሷ በሰው ቤት። ከብዙ ወር በኋላ በዝንጅብል ሻይ ተስማማን፤ ከሰል ሳይነድ፣ ዕጣን ሳይጤስ፣ ሻይ በጀበና ቀድታ ትሰጠኛለች። ቡና ያልሆነው የቡና ሥነ ሥርዓታችን አስቂኝ ነበር። በዚያች ሻይ ላይ ነው እናቴ አንድ ቀን «እኔም እኮ ፈራሁ» ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ቀለለ።

አክስቴ ደግሞ የጸበል ሰው ናት። መድኃኒቱን ትቼ እንጦጦ እንድወጣ ትፈልግ ነበር። ከእሷ ጋር መከራከር አልፈለግሁም። በኤች አይ ቪው ዘመን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ ነውር እንደሌለው በይፋ መናገራቸውን አስታወስኳት። አላሳመናትም። ያሳመናት ሌላ ነገር ነው። ከአራቱ መድኃኒቶች ቀዩና ብሊዮማይሲን የተገኙት አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው፤ ቪንብላስቲን ደግሞ ማዳጋስካር ከሚበቅል አበባ። ይህን ስነግራት ዝም ብላ አሰበችና «አፈር ነው በይኛ! እኛስ እምነት ስንቀባ አፈር አይደለም እንዴ» አለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ጀመረች። ነጭ የደም ሴሌ በወረደበት ሳምንት ጸበሉን እንድጠመቅ እንጂ እንዳልጠጣ ተስማማን፤ «ይፈላ» የሚለውን ሐሳብ ግን ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው። ገና ሲደርስ ክትፎውን አይቼ ምራቄን ዋጥኩ፤ ለእኔ እርር ያለ ጥብስ ቀረበ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አባ ራሳቸው መጥተው እንድበላ ፈቀዱልኝ። እናቴ ግን በእኔ ፈንታ ጾመች።

ብር አለ እንግዲህ፤ አሳጥረዋለሁ፤ ሁሉም ያውቀዋል። ወንድሜ ዕቁቡን በልመና አስቀድሞ ወሰደ። መምህራኑ ከደመወዛቸው አወጡ። ተማሪዎቼ በኤንቨሎፕ 1,340 ብር ላኩልኝ፤ ብዙው የአንድና የአምስት ብር ነው። አንድ ጊዜ ጥቁሩ ከመድኃኒት ቤቶች ሁሉ ጠፍቶ አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ አመጣችልን። መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ «ወገን እርዱን» እያለ ፎቶ ለጥፎ የሚዞር መኪና ሳይ ከዚያ ወዲህ ሳልሰጥ አላልፍም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደተያዙ፣ ወደ 52 ሺህ የሚጠጉት እንደሞቱ ገምቷል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ20 አይበልጥምና ከእነዚህ ውስጥ ወጣቱ ጥቂት አይደለም። እኔ ስታከም በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሰሉ የክልል ከተሞች ማሽን ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። ከሩቅ የመጣ ታማሚ ሕክምናው ሳይሆን ማደሪያው ይገድለዋል ይባል ነበር። በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም የተቋቋመው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ማረፊያ ቤት ባይከፍት ኖሮ ስንቱ ሕክምናውን አቋርጦ ይመለስ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ወጣት ሲታመም ግን ከገንዘቡም ከማሽኑም ሌላ አንድ ነገር አለ። የሕፃናቱ ክፍል ግድግዳው ላይ ሥዕል አለው፤ አሻንጉሊት አለው። የአዋቂዎቹ ክፍል የወላጆቻችን ዕድሜ በሆኑ ሰዎች የተሞላ ነው። እኛ መሐል ላይ ነን። ደመወዝ እየተቀበልን፣ ቤት ኪራይ ልንከፍል ስናስብ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እናታችን ገላችንን ወደምታጥበን ልጅነት እንመለሳለን። ጓደኛ ሁሉ ሠርግ ላይ ነው። ጥር ላይ ሽማግሌ ሊልክብኝ የነበረ ሰው ነበር። መጀመሪያ በየቀኑ መጣ፤ ከዚያ በየሳምንቱ፤ ከዚያ ስልክ። ምን ማለት እንዳለበት ስላላወቀ ነው ብዬ አምናለሁ። አልተቀየምኩትም፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው።

የምቀየመው ልጅ ስለ መውለድ አንድም ሰው ሳይጠይቀኝ መጀመሬን ነው። አንዳንድ የኬሞ ዓይነት የሴትንም የወንድንም የመውለድ አቅም ይጎዳል፤ የእኔ ቅንብር ከሌሎቹ ሲነጻጸር የሚያሳስበው አነስተኛ እንደሆነ የሰማሁት አምስተኛው ዙር ላይ፣ ራሴ ጠይቄ ነው። ያላገባች ልጅ ፊት ይህን ማንሣት ነውር መስሏቸው ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል የከፈተው እኔ ከጨረስኩ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ቢያንስ ጥያቄው የሚወሰድበት ደጅ አለ። መጠየቅ ያለበት ግን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው።

ስድስተኛው ዙር አካባቢ ሰውነቴ አእምሮዬን ቀደመው። ሆስፒታሉ ገና ሳይታይ፣ ታክሲው ዳገቱን ሲይዝ ያስመልሰኛል። አንድ ጠዋት እናቴ ወለሉን በበረኪና ስትወለውል ከአልጋዬ ሳልነሣ አስመለሰኝ፤ የኬሞው ክፍል የሚሸተው በረኪና ነውና። ምንም መድኃኒት ሳይገባ! ይህ ደካማነት አይደለም። አንጎል ሽታውን ከማስመለሱ ጋር አንድ ጊዜ ካሰረ በኋላ ሽታው ብቻውን ይበቃዋል። ለማስታገሻ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ዝግ ብሎ መተንፈስም ይረዳል። እናቴ በረኪናውን ጣለች። እኔ ደግሞ በመሐረብ ሎሚ ቋጥሬ እየያዝኩ መሄድ ጀመርኩ፤ ምክሩ ያው የደሴዋ ነው።

እሷን የተገናኘኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የእኔ 14 ቀን፣ የእሷ 21፤ ሁለቱ የሚገጥሙት በ42 ቀን አንዴ ነው። ጥቅምት 30 ቀን፣ ለእኔ አራተኛዬ፣ ለእሷም አራተኛዋና የቀዩ መጨረሻ ነበር። ሰማያዊ ሻሿን አስራ ቀድማኝ ተቀምጣለች። የተላጨ ራሴን አይታ «አምሮብሻል» አላለችም። «ብርድ እንዳይመታሽ፤ ማታ ኮፍያ አድርጊ» አለችኝ። ልጆቿን ማን እንደያዘላት ጠየቅኋት። እናቷ። «ትልቁ በስልክ ጸጉርሽ በቀለ ወይ ይለኛል» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተለወጠና ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችው። አፌ ላይ የመጣው ቃል የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። አልተናገርኩትም። ቀዩ እስኪያልቅ እጇን እንደያዝኩላት አለቀሰች፤ ሲስተሯም ዝም ብላ ሥራዋን ሠራች። ስትሄድ ሎሚዋን ትታልኝ ሄደች።

የእኔ ሕክምና ነጭ የደም ሴል በመውረዱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ መጋቢት 2010 ዓ.ም. አለቀ። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ። እኔ ግን በጣም የፈራሁት ያኔ ነው። መድኃኒት እየወሰድሽ ሳለሽ ቢያንስ አንድ ነገር እያደረግሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሦስት ወሩ ሲቲ ስካንና ደም ምርመራ ብቻ ይቀራል። ከውጤት በፊት ያለው ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ዛሬም፣ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ፣ ገላዬን ስታጠብ ጣቴ ሳላዘው አንገቴ ሥር ይሄዳል። ይህን ለሰው ስናገር «አሁን እኮ ድነሻል» ይሉኛል።

ይህን የምታነቡ፣ አንገታችሁ ላይ የማያምም እጢ ወጥቶ ከአንድ ወር በላይ ከቆየባችሁ፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ካልቀነሰ፣ እጢው በሙሉ ወጥቶ እንዲመረመር ጠይቁ። ኬሞ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ቴርሞሜትር ግዙ፤ ሙቀቱ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ያን ጊዜውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እንቅልፍ ካጣ፣ ምነው በሞትኩ ማለት ካበዛ፣ ይህንንም እንደ ትኩሳቱ ለሐኪሙ ንገሩለት።

ወንድሜ ያንን ኮሪደር እስከ ዛሬ አይረሳውም፤ «ብቻዬን ነበር እኮ የነገረኝ» ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ወደ እናንተ ዞር ብሎ «ቤተሰብ ነህ?» ካላችሁ፣ አትነሡ። ታማሚው እዚያው ተቀምጦ ይስማ፤ ወንበር ከሌለው የእናንተን ልቀቁለት።